የሚዛን ጠጋኙ ክብደት

በሩ ሲንኳኳ መርማሪዋ ክሩን በሁለተኛው ቀዳዳ እያሳለፈች ነበር።

የደንብ ልብሷ ሦስተኛ ቁልፍ ከላላ ሰንብቷል። ዛሬ ጠዋት ጊዜ አገኘሁ ብላ ጃኬቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። "ይግቡ" አለች፤ ቀና ግን አላለችም።

የገባው ሳጅኑ ነው። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው፣ ቦርጩ ከእሱ ቀድሞ በር የሚያልፍ ሰው።

"መርፌ፣ እንግዳ አለሽ።"

በጣቢያው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። መርፌ የሚለውን ያወጣላት ራሱ ሳጅኑ ነው። "ቀጭን ናት፤ ድምፅ የላትም፤ ከገባች ግን ሳትበሳ አትወጣም" ይላል ለጠየቀው ሁሉ።

ከኋላው አንዲት ነፍሰ ጡር ቆማለች። ወሯ የገባ ነው። በአንድ እጇ ወገቧን፣ በሌላው የበሩን መቃን ይዛለች። መርማሪዋ መርፌውን ጃኬቱ ላይ ሰካችና ወንበሯን ለቀቀችላት።

"አባቴ ጠፋ" አለች ሴትዮዋ ሳትቀመጥ። "ትናንት ቤት አልገባም። ሱቁ እንደተከፈተ ነው። ደፉ ላይ ደም አለ።"

መርማሪዋ ወንበሩን ጠጋ አደረገችላት።

"ተቀመጪ እህቴ። አባትሽ ምን ይሠራል?"

"ሚዛን ይጠግናል። የገበያው ሚዛን ሁሉ በእሱ እጅ ያለፈ ነው።"

"ዕድሜ?"

"ሰባ አንድ።"

"ቁመት?"

"ከባለቤቴ ትከሻ አይበልጥም።"

"ክብደቱንስ ትገምቻለሽ?"

"አልገምትም። ስልሳ ስምንት ኪሎ ተኩል ነው።"

ሳጅኑ ከሚጽፍበት ቀና አለ። "ተኩሏን ከየት አመጣሻት?"

ሴትዮዋ በእንባዋ መሀል ፈገግ ልትል ሞከረች። "በየጠዋቱ ሱቁን ሲከፍት ሽርጡን ያወልቃል፤ ኪሱን ያራግፍና ትልቁ ሚዛን ላይ ይቆማል። ስልሳ ስምንት ተኩል ካለ ሥራ ይጀምራል። 'ካላለ ወይ ሚዛኑ ታሟል ወይ እኔ ታምሜያለሁ፤ ማንኛችን እንደሆንን ሳላጣራ የሰው ዕቃ አልነካም' ይላል። ስንት ዓመት ሙሉ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።"

መርማሪዋ ጃኬቱን አነሳች። ቁልፉ አሁንም እንደተንጠለጠለ ነው፤ መርፌውም ከነክሩ አብሮት ተንጠልጥሏል። ጃኬቱን እንዳለ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው።

"እንሂድ፣ ጋሼ።"

ሱቁ ጠባብ ናት። ግድግዳው ላይ የሚዛን ሳህኖች እንደ ደረቁ ጨረቃዎች ተሰቅለዋል። ጠረጴዛው ላይ ሆዱ የተከፈተ የሥጋ ቤት ሚዛን፣ አጠገቡ ሞላና ብሎን። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዟል፤ መሳቢያዎቹ ግን ተጎልጉለዋል። የሆነ ሰው የሆነ ነገር ፈልጓል።

ደሙ ደፉ ላይ ነው። ብዙ አይደለም። ትንሽም አይደለም።

የጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ መቀሱን እያንቀጫቀጨ መጣ። ያልተጠየቀውን የሚመልስ ዓይነት ሰው ነው።

"ሰሞኑን እዚህ የጮኹ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው እህል ነጋዴው። ምን እንዳለ አልሰማሁም፣ በሩን ዘግተው ነበር። ሁለተኛው የልጃቸው ባል። እሱን እንኳን እኔ፣ መንደሩ ሰምቶታል። 'ወይ ይዘጉታል ወይ እኔ እዘጋዋለሁ!' ብሎ ነው የጮኸው።"

"ምኑን?"

"እሱን እሱን ጠይቂው። እኔ ወሬ አልወድም።"

የልጅቷ ባል ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሲያገኙት ሸሚዙን አልቀየረም። የቀኝ እጅጌው እስከ ክርኑ ደም ነክቶታል። ሳጅኑ ካቴናውን ሲያወጣ እጁን ራሱ ዘረጋ።

በጠባቧ የምርመራ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

"ከሚስትህ አባት ጋር ተጣልታችኋል።"

"ተጣልተናል።"

"'ወይ ይዘጉታል ወይ እኔ እዘጋዋለሁ' ብለሃል።"

"ብያለሁ።"

"ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።"

"እሳቸው እንዲሰሙ ብዬ ነው የጮኹት። አንድ ጆሯቸው አይሰማም።"

"ምኑን ነው የሚዘጉት?"

"ሱቁን ነዋ! ልጅ ሊወለድ ነው። አያት ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ የልጅ ልጁን ያቅፍ እንጂ፣ በዚህ ዕድሜ የሥጋ ቤት ብረት ተሸክሞ ይንከራተት? ይኼ ነው ጥፋቴ።"

"እጅጌህ ላይ ያለው ደም የማነው?"

ሰውዬው እጅጌውን አየ፤ ገና አሁን ያየው ይመስል ነበር።

"ልጠራቸው ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል፣ መብራት የለም። ደፉ ላይ አዳለጠኝና በእጄ ተደገፍኩ። ከዚያ ነው ያየሁት።"

"ለምን ወዲያው አልመጣህም?"

"ሚስቴ እንዳትደነግጥብኝ ፈራሁ። ራሴ አገኛቸዋለሁ ብዬ ስዞር አደርኩ።" ድምፁ ወረደ። "እህቴ፣ እኔ ለእሷ ስል የእሳቸውን ጫማ እንኳ የምጠርግ ሰው ነኝ።"

ውጭ ሲወጡ ሳጅኑ ጢሙን እየጠቀለለ፣ "ጠብ አለ፣ ዛቻ አለ፣ ደም አለ። እንደ ቧንቧ ጥብቅ ብሎ ገጥሟል" አለ።

"በጣም የገጠመ ቧንቧ ሲፈነዳ ነው የሚታወቀው፣ ጋሼ። ሆስፒታሎቹን ደውልልኝ። ወንድ፣ ከስልሳ ዓመት በላይ፣ ስሙ የማይታወቅ።"

ሳጅኑ ደወለ። ትንንሾቹ የሉም አሉ። የትልቁ ሆስፒታል የመረጃ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ጥቂት ቀጭ ቀጭ አደረገና መለሰ። "በጾታ ለየሁት፣ በዕድሜም ለየሁት። እንዲህ ያለ ሰው የለም፣ ጋሼ። ሠንጠረዡ ንጹሕ ነው።"

ሳጅኑ በሆስፒታሎቹ ስም ላይ ጭረት አደረገ።

የእህል ነጋዴው መጋዘን ከገበያው ጀርባ ነው። አቧራው ከደጅ ይቀበላል። ሳጅኑ ገና ሳይገባ ማስነጠስ ጀመረ።

"ይማርህ!" አለ ነጋዴው ከጆንያዎቹ መሀል ብቅ ብሎ። ወፍራም ድምፅ፣ ቀጭን ፈገግታ አለው። "እንዴት ነሽ ልጄ? ስለ ሽማግሌው ሰማሁ። ልቤን ነው የነካኝ።"

"ተጣልታችሁ ነበር አሉ።"

"እሱ ከማን ያልተጣላው አለ? ሚዛን የለመደ ሰው ነገር ሁሉ ይከብደዋል። እኔ እንደሆንኩ ሱቁን ከረገጥኩ ወር አልፎኛል።"

"ፀጉር አስተካካዩ በዚህ ሳምንት አየኋቸው ይላል።"

"ፀጉር አስተካካይ!" ነጋዴው ሳቀ። "ለፀጉር የታመነ ለወሬ አይታመንም፣ የኔ ልጅ። ሌላ ሰው አይቶ ነው።"

መርማሪዋ ሚዛኑ አጠገብ ያለውን የእንጨት ሣጥን እያየች ነበር። የሚዛን ድንጋዮቹ ከትልቅ ወደ ትንሽ በየጎድጓዳቸው ተሰልፈዋል። ድንጋይ ይባላሉ እንጂ ብረት ናቸው፤ በእጅ ብዛት ጠቁረዋል። የአንድ ኪሎዋ ብቻ ታበራለች።

"ይቺ አዲስ ናት?"

"አሮጌዋ ጠፋችብኝ። ሠራተኛ ምኑን ያስቀምጣል!"

"መቼ ጠፋች?"

"ሰሞኑን ነው።" ፈገግታው ትንሽ ቀጠነ። "ብረት መግዛትም ወንጀል ሆነ እንዴ?"

"አልሆነም" አለች መርማሪዋ። ሆኖም ያቺ የምታበራ ብረት ዓይኗ ውስጥ ገብታ ቀረች።

በማግስቱ አዛዡ ጠራት። ሰላምታ አላስቀደመም።

"ነገ ጠዋት ቧንቧ ሠራተኛውን ፍርድ ቤት ታቀርቢያለሽ። በግድያ።"

"አስከሬን የለም፣ አለቃ።"

"ወንዝ አለ።"

"ሰውየው እውነት የሚናገር ይመስለኛል።"

"'ይመስለኛል' የሚባል ማስረጃ አላውቅም። እስከ ነገ ድረስ ሌላ ነገር ካመጣሽ አምጪ።"

ነጋዴውን ለመያዝ ምንም የላትም። አንዲት የምታበራ ብረት ብቻ። እህል ነጋዴው ሽማግሌውን ለምን እንደጎበኛቸው ልጃቸው ታውቅ ይሆናል ብላ ፈለገቻት። ቤት የለችም። ለነፍሰ ጡር ክትትል ትልቁ ሆስፒታል ሄዳለች አሏት።

ኮሪደሩ በሴቶች ተሞልቷል። በአግዳሚው ወንበር ጥግ፣ ጋቢዋን ሆዷ ላይ ሰብስባ አገኘቻት። ልጅቷ ስታያት ፊቷን አዞረች።

"ነገ ልታቀርቡት ነው አሉ።"

"ታዝዣለሁ።"

"እንግዲያው ምን ቀርቶሽ መጣሽ?" ቀስ ብላ ነበር የምትናገረው፤ ለዚያም ነው የከበደው። "ይኼ ልጅ ሲወለድ አያቱን በፎቶ፣ አባቱን በፍርግርግ ሊያይ ነው? ባሌ ገደለው ብለሽ የምታምኚ ከሆነ ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ።"

መርማሪዋ ዓይኗን አየቻት። "አላምንም። ግን የማውቀው ነገር የለኝም። የማላውቀውን ለመጠየቅ ነው የመጣሁት።"

ልጅቷ ትንሽ ጠጋ አለችላት። ቦታ መልቀቋ ነበር።

ከፊት ለፊታቸው የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎበታል። የዚህ ሳምንት የጨቅላ ሕፃናት አማካይ ክብደት፦ ሦስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም። ከሥሩ የዳይሬክተሩ የደስታ መግለጫ።

"ሦስት ከዘጠኝ መቶ!" አለች አንዲት ሴት። "ምን እየበሉ ነው ጎበዝ?"

"ዝም በዪ እቴ" አለች ሌላዋ ሆዷን እያሻሸች። "ይኼን የሚያህል ተሸክሜ መሆኔን ቀድሞ የነገረኝ የለም።"

"ባለፈው ሳምንት እኮ ሦስት ከአንድ መቶ ነበር። በሳምንት እንዲህ የሚሰባ በግ እንኳ አላየሁም።"

ሴቶቹ ሳቁ። የሚዛን ጠጋኙ ልጅ አልሳቀችም። ወረቀቱን በግማሽ ልብ አየችው።

"አባዬ ይኼን ቢያይ፣ 'ሚዛኑ ታሟል' ነበር የሚለው።"

መርማሪዋ ከተቀመጠችበት ተነሳች።

አዋላጇን ከበር ላይ ያዘቻት። አዋላጇ ጓንቷን እያወለቀች ተቆጣች። "የእኔ ሚዛን ደህና ነው! በዚህ ሳምንት ከአራት ኪሎ ያለፈ አንድ ልጅ ብቻ ነው በእጄ ያለፈው። ቁጥር የሚያበስሉት እዚያ መረጃ ክፍል ነው። እነሱን ጠይቂ።"

የመረጃ ክፍሉ ሠራተኛ መነጽር ያደረገ ወጣት ነው። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ጠረጴዛው ላይ ያሉት እስክሪብቶዎች በቁመታቸው ተሰልፈዋል። መታወቂያዋን ሲያይ ተነስቶ ቆመ።

"ለሳጅኑ መልስ ሰጥቻለሁ። የለም ብያለሁ።"

"ብለሃል። እኔ የመጣሁት ስለ ሕፃናቱ ነው።"

ግራ ገባው። ቢሆንም ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረላት። ሠንጠረዡ እንደ ሸሚዙ ነው፤ ዓምዶቹ ቀጥ ያሉ፣ ቁጥሮቹ ነጥብ በነጥብ የተደረደሩ። አንድም ክፍት ቦታ የለም።

"ያምራል" አለች ከልቧ።

"አመሰግናለሁ።" ጆሮው ቀላ።

"በክብደት ደርድርልኝ። ከከባዱ ጀምረህ።"

ወጣቱ አመነታ። ጣቱን ተጫነ። ረድፎቹ ተገለባበጡና አንዱ ከላይ ወጥቶ ቆመ።

ስም፦ ጨቅላ ሕፃን። ጾታ፦ ወንድ። ዕድሜ፦ 0። ክብደት፦ 68.5።

"እሱ የጣት ስህተት ነው" አለ ወጣቱ ተጣድፎ። "ነጥቡን የት እንደሚያስቀምጡ አያውቁም። እንዲያርሙት ጽፌላቸዋለሁ..."

እሷ ግን አልሰማችውም። ጆሮዋ ውስጥ የአንዲት ሴት ድምፅ ነበር። *ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።*

"ስንት ኪሎ ነው የሚለው?"

"ስልሳ ስምንት ከ..."

"ተኩል" አለች መርማሪዋ። "ይኼ ሕፃን የተኛው የት ነው?"

ወጣቱ ሠንጠረዡን ወደ ቀኝ ገፋ አደረገው። "ቀዶ ሕክምና። ምን ይገርማል፣ ሕፃናትም ቀዶ ሕክምና..." አረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

"ዕድሜው ዜሮ መሆኑን ማን ጻፈው?"

"ማንም አልጻፈም።"

"እንዴት?"

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። ሳይጠረግም ንጹሕ ነበር።

"ባዶ ነበር። ተቀባዩ ዕድሜውን ካላወቀ ባዶ ይተወዋል። እኔ ነኝ ባዶ ሲሆን ዜሮ እንዲያሳይ ያደረግሁት። ዕድሜው ዜሮ የሆነ ሁሉ ደግሞ በራሱ ወደ ሕፃናቱ ዝርዝር ይገባል።"

"ስሙስ?"

"አዲስ የተወለዱት ገና ስም አልወጣላቸውም። ስለዚህ ስሙ ባዶ፣ ዕድሜው ዜሮ ከሆነ 'ጨቅላ ሕፃን' ብሎ ይጽፋል።" ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። "ሁለቱም ባዶ ቢሆንስ ብዬ አላሰብኩም።"

"ለምን? ባዶውን ባዶ ብትተወው ምን ይጎድልህ ነበር?"

ወጣቱ መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። "የበፊቱ አለቃችን ክፍት ቦታ ሲያይ 'ጥርሱ የወለቀ አፍ አመጣህብኝ' ይል ነበር። እሱ ሄደ፤ ፍርሃቱ ግን እኔ ጋ ቀረ። ባዶ ከሆነ ሰው ይጠይቀኛል። ዜሮ ከሆነ ግን ማንም አይጠይቅም።"

መርማሪዋ ትከሻውን ነካ አደረገችው። ቁጣ አልነበረባትም።

"እኔም 'የለም' ስትለን አልጠየቅሁህም። አሁን ና፣ ሕፃኑን አሳየኝ።"

የቀዶ ሕክምናው ነርስ ገና ሲያያቸው እጁን ዘረጋ። "በስንት ልመና! ስሙ የማይታወቅ በሽተኛ አለን ብዬ ለተቀባዮቹ ስንቴ ተናገርኩ? 'ፖሊስ የሚፈልገው ሰው ካለ ይደውል ነበር' ይሉኛል።"

"እኛም ደውለን 'የለም' ተባልን" አለች መርማሪዋ። "የት ናቸው?"

"አባባ ዝምታ እዚያ መስኮቱ ጋ ናቸው። እኛ ነን ስም ያወጣንላቸው። ዓይናቸው ከተገለጠ ወዲህ ሁሉን ነገር ያያሉ፤ ቃል ግን አይወጣቸውም።"

ጭንቅላታቸው በፋሻ የተጠቀለለ ትንሽዬ ሽማግሌ ጣሪያውን እያዩ ተኝተዋል። ከኮሪደሩ የተጠራችው ልጃቸው ግድግዳውን እየተደገፈች ገባች። አልጮኸችም። አጠገባቸው ተቀመጠችና እጃቸውን ወስዳ ሆዷ ላይ አደረገችው።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከጣሪያው አወረዱ። እጃቸውን አዩ። ሆዱን አዩ። ከንፈራቸው ብዙ ታገለ።

"ስንት... ኪሎ... ደረሰ?"

ነርሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ልጅቷ እያለቀሰች ሳቀች፤ እየሳቀችም አለቀሰች።

"አባዬ፣ ገና ነው! አንተ መጥተህ ትመዝነዋለህ።"

መርማሪዋ ጊዜ ሰጠቻቸው። ከዚያ ነርሱን በሹክሹክታ ጠየቀችው። "ማን ነው ያመጣቸው?"

"በር ላይ አንድ ሰው ከመኪና አውርዷቸው 'መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት' ብሎ ሄደ አሉ። መታወቂያ አልነበራቸውም። ኮታቸው ኪስ ውስጥ ምንም የለም። ሽርጣቸው ብቻ ውስጡ ኪስ አለው፤ እዚያ ውስጥ ይኼ ነበር።"

ከአልጋው ሥር ካለው ከረጢት አንድ የጠቆረ ብረት አወጣ። የአንድ ኪሎ የሚዛን ድንጋይ። ገልበጥ ስታደርገው ታችኛው ፊቱ ላይ ክብ ቀዳዳ አለ፤ በሰም ተደፍኗል።

በእጇ መዘነችው። ሚዛን የማታውቀው እሷ እንኳ ቀለል እንዳለ ገባት።

ነጋዴው ጆንያ እየሰፋ ነበር።

"ደግሞ መጣሽ፣ ልጄ?"

"ሣጥንዎን ላየው ነው።"

መልሱን አልጠበቀችም። የምታበራውን ብረት ከጎድጓዷ አነሳችና ወደ ጎን አደረገቻት። በምትኩ ጥቁሩን ከኪሷ አውጥታ አስገባችው። ልክክ አለ።

ሳጅኑ ማስነጠሱን ዋጠው።

"ሠራተኛዎን በር ላይ ጠየቅሁት፤ ሣጥኑን ለማስፈተሽ ወስዶት ነበር" አለች መርማሪዋ። "ግን የሚገዙበትን ሳይሆን የሚሸጡበትን ሣጥን ነው የወሰደው። ተሳስቶ። ሽማግሌው ቀዳዳውን አገኙ። አልመልስም አሉ። እውነት ነው?"

"የብረት ቀዳዳ የእኔ መሆኑን በምን አወቅሽ?"

"ቦታው አወቀዋ።"

"ሽማግሌው ሞቷል። የሞተ ሰው ምስክር..."

"ማን ሞቷል አልዎት?"

"እናንተ አይደላችሁ ግድያ የምትሉት! እኔ አልገደልኩም! ሆስፒታሉ በር ድረስ በመኪናዬ ነው ያደረ..."

አፉ ክፍት ቀረ።

"ሆስፒታል አላልኩም" አለች መርማሪዋ።

ነጋዴው ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። ሁለቱም፣ ድምፁም ፈገግታውም፣ በአንድ ጊዜ ጠፉ።

"ለገበያ ሹሙ አሳየዋለሁ አለኝ። ሃያ ዓመት የገነባሁት ስም! 'ግማሽ ጭልፋ የማይሞላ እህል ነው' አልኩት። 'ከእያንዳንዱ ሰው ሲሆን ጎተራ ነው' አለኝ። ብረቱን ስጠኝ ብዬ ያዝኩት። ገፋሁት። ደፉ ላይ ወደቀ።" ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። "ብረቱን ፈልጌ አጣሁት። ትቼው ልሄድ ነበር። ግን ይተነፍስ ነበር። ትቼው መሄድ አልቻልኩም።"

"መታወቂያቸውንስ?"

"ማን እንደሆነ ካላወቁ ማን እንዳመጣው አይጠይቁም ብዬ ነው።"

ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ። "ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ" አለ። "ያንተ ደግሞ ከመጀመሪያውም ተቦርቡሮ ነበር፣ ወዳጄ።"

"ሆስፒታል ማድረስዎን እጽፈዋለሁ" አለች መርማሪዋ። "እሱም ይመዘናል።"

በሚቀጥለው ቀን የተፈታው ቧንቧ ሠራተኛ ከእስር ቤት በቀጥታ ሆስፒታል ገባ። መርማሪዋ ስትደርስ በማይሰማው ጆሯቸው በኩል ተቀምጦ ይጮኽ ነበር።

"ሱቁን አይዘጉትም! በቃ! እኔ ብረቱን እሸከምልዎታለሁ አልኩ እንጂ!"

"አትጩህ" አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። "በሽተኛ አለ።" ከዚያ መርማሪዋን አዩ። "በምን አገኘሽኝ?"

"በክብደትዎ፣ አባባ። ስልሳ ስምንት ተኩል።"

ሽማግሌው በጥሞና አሰቡ። "እንግዲያው የዚህ ቤት ሚዛን ደህና ነው" አሉ፤ ረክተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ስትወጣ በመረጃ ክፍሉ በኩል አለፈች። ወጣቱ ሸሚዙ ተጨማዷል፤ ሌሊቱን ቤት አልሄደም መሰል። ሠንጠረዡ አሁን እንደ ድሮው አያምርም። በዕድሜው ዓምድ እዚህም እዚያም በቀይ "አልታወቀም" የሚል ተጽፏል።

"ቀየርኩት" አለ። "ዜሮ የሚባለው ዜሮ ብሎ የጻፈ ሰው ሲኖር ብቻ ነው። አለቃዬ ሠንጠረዡ ለምን ቀላ አለኝ።"

"ምን አልከው?"

"'እስኪታወቅ ነው' አልኩት።" ጣቱን ወደ አንዱ ረድፍ ዘረጋ። "እዩዋት፣ እቺ ደግሞ የሴቶች ክፍል ያለች ናት። ሕፃን ሆና ስትቆጠር ሰንብታለች፤ ስላልተመዘነች ክብደቷም ዜሮ ነበር። ነርሶቹን ጠየቅሁ፤ ጠና ያለች እናት ናት። የሚፈልጋት ይኖር ይሆን?"

መርማሪዋ ስልኳን አወጣች። "ጋሼ፣ መሳቢያህ ውስጥ ያሉትን የጠፉ ሰዎች ማመልከቻ ሁሉ ይዘህ ና። አዎ፣ አሁን።"

ሳጅኑ እየተነጫነጨ መጣ። ከማመልከቻዎቹ መሀል እናታቸውን የሚፈልጉ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ተጠርተው የመጡት ወንድማማቾች እናታቸውን አይተው ከሴቶች ክፍል ሲወጡ ሳጅኑ አቧራ ነው እያለ ዓይኑን ይጠርግ ነበር። እህል በሌለበት ኮሪደር።

ቢሮዋ ስትመለስ ጃኬቱ ሚስማሩ ላይ ነው። መርፌው እንደተሰካ፣ ክሩ እንደተንጠለጠለ።

ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ክሩን በቀሩት ቀዳዳዎች አሳለፈች፤ አጠበቀች፤ ቁልፉን ከሥሩ ዞር ዞር አድርጋ ጠቀለለችው። ቋጠረች። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቁልፉን በጣቷ ሳብ አድርጋ ሞከረችው።

ያዘ።

መርፌውን ማስቀመጫው ላይ መለሰች፤ ጃኬቱንም ሰቀለችው።